መርዶ የማያውቀው ብረት

አባቴ የሮቦት ፊልም ይወዱ ነበር። ይህን ስናገር የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ይሳቅ። ከጎንደር ገጠር ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን የገቡ፣ እስራኤል አገር ሬሆቮት ከተማ ሰላሳ ዓመት ኖረው ዕብራይስጣቸው ከ«ሻሎም»ና ከ«ቤሰደር» እምብዛም ያላለፈ ሽማግሌ፣ ሶፋ ላይ ተደላድለው ብረት ሲራመድ ያያሉ ብሎ ማን ይጠብቃል? እኔም መጀመሪያ ገርሞኝ ጠይቄያቸው ነበር። «ሌላው ፊልም ላይ ሰው ሁሉ ባንዴ ይንጫጫል» አሉኝ። «ብረቱ ግን ረጋ ብሎ ነው የሚናገር። አንቺም ለመተርጎም ጊዜ ታገኛለሽ፣ እኔም ለመስማት።»

ሄርዝል ጎዳና ላይ መነጽር ቤት እሠራለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ስለሚዘጋ ያንን ቀን ለአባቴ ሰጥቻቸው ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ፊልሞቹን የሚያመጣው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የኩባንያዎች ሰፈር ማሽን ይጠግናል፤ የሥራ ጓደኞቹ በፍላሽ የሚቀባበሉትን ሁሉ ለአባቴ ይዞ ይመጣል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ያወራል፣ ከሥር በዕብራይስጥ ይጻፋል፣ እኔ ዕብራይስጡን አንብቤ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። መንገድ ላይ የጠፋ ቃል ካለ ጠፋ፤ አባቴ የጎደለውን ከራሳቸው ይሞሉት ነበር፤ አንዳንዴም ከፊልሙ የተሻለ አድርገው።

በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ አንድ የማይቀር ነገር አለ። ገና ከመጀመሪያው ጸጉሩ የተንጨባረረ ሊቅ ወይም ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ብድግ ይሉና የሮቦቱን ሕግ ይዘረዝራሉ። ሰው አትጉዳ። ሰው ሲጎዳ ቆመህ አትመልከት። ያዘዙህን ፈጽም። ራስህንም ጠብቅ። ቃሉ ከፊልም ፊልም ይለያያል፤ አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። አባቴ እዚህ ቦታ ስንደርስ ድምፁን ከፍ አድርጊው ይሉኛል፤ እንግሊዝኛውን እንደሚሰማ ሰው። «ሙሴ አሥር ተቀብሎ ወረደ፤ ለብረቱ አራት በቃው» ብለው ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት በሙሉ ሕጉ እንዴት እንደሚፈርስ ለማሳየት ነው። ይህንንም አውቀውታልና «ኧረ መቼ ሊያፈርሰው ነው?» እያሉ አውቶቡስ እንደዘገየበት ሰው ይቁነጠነጣሉ።

እኔን በበኩሌ እነዚያ ሕጎች ያናድዱኝ ነበር። ጸሐፊዎቹ ሁልጊዜ የሚጨነቁት ብረቱ ሰው እንዳይመታ፣ እንዳያንቅ፣ ከፎቅ እንዳይወረውር ነው። ሰው የሚጎዳው በጡጫ ብቻ ይመስላቸዋል። እንዲህ እያልኩ ስነጫነጭ አባቴ ይሰሙኝና «አንቺ ደግሞ ብረቱን ትተሽ ከጻፈው ሰውዬ ጋር ትጣያለሽ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እስካሁንም ከሰውዬው አልታረቅሁም።

አባቴ የሰፈራችን መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ ከጊዜ በኋላ እንዲሁ የእሳቸው ሆኖ ቀረ። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የቀረ ዘመድ አርፎ ወሬው በስልክ ሲደርስ፣ ሰው ለሟቹ ቤተሰብ ሳይሆን መጀመሪያ ለአባቴ ይደውላል። እሳቸው ሁለት ሽማግሌ ይጨምራሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ማለዳ፣ ጎረቤት በሩን ሳይከፍት ይሄዳሉ። ለዚህ ሥራ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፤ ሕግ ብለው ግን ጠርተውት አያውቁም። መርዶ በማታ አይነገርም፤ ለሐዘንተኛ ሌሊቱ አይነጋለትም። በስልክ አይነገርም። ለቆመ ሰው አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለ አይነገርም። በአንድ ቀን ሁለት መርዶ አይነገርም፤ ሁለተኛው ይቆያል፣ ዓመትም ቢሆን ይቆያል። ጊዜው እስኪደርስ ደግሞ መካድ ነው። ሐዘንተኛው ቢጠረጥር፣ ቢለምን፣ እግር ላይ ቢወድቅ፣ «ኧረ ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» ይባላል እንጂ አይነገርም። ይህን የሚክደውም የሚካደውም ያውቀዋል። ስለዚህ እኛ ዘንድ አንድ ሰው ያለወትሮው አጥብቆ «ደህና ነው» ካለ ሰሚው የሞት ወሬ መሆኑን ያውቃል።

አንድ ማክሰኞ ሰማይ ላይ ስለምትንሳፈፍ መንኮራኩር የሚያወራ ፊልም ከፈትን። ውስጧ አንዲት ሴት ባሏን ትጠብቃለች፤ ባልየው አንድ የተሰበረ ነገር ሊጠግን ወደ ውጭ ወጥቷል። ሴትዮዋ ቆማ ዕቃ ታጥባለች። ሮቦቱ ከኋላዋ መጣና በዚያ በማይለዋወጥ ድምፁ ባልሽ መተንፈስ አቁሟል አላት።

አባቴ ከሶፋው ተነሡ።

«ምን አላት?»

«ባልሽ ሞቷል አላት።»

«እንዲህ እንደቆመች?»

«እንደቆመች።»

«ማን አለ አብሯት?»

«ማንም የለም፣ አባ። እሷና ሮቦቱ ብቻ ናቸው።»

«ይህን ብረት የሠራውን ሰው እናት አልወለደችውም እንዴ! አጥፊው! አጥፊው ብየሻለሁ!»

አጠፋሁት። ሻይ አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም። ሞቶ የማያውቅ ሰውዬ ሞት፣ ኖራ ለማታውቅ ሴት በክፉ ሁኔታ ተነገረ ብለው ክፍሉ ውስጥ ይንጎራደዱ ነበር። ልስቅ ስል ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

«ሕግ አለው አላልሽኝም? ሰው አትጉዳ የሚል?»

«አለው። ግን አትዋሽ የሚልም አለው። ከጌቶቹ ምንም መደበቅ አይችልም።»

«ሁለቱን ባንድ ራስ ላይ ጫኑበት? በሬና አህያ ባንድ ቀንበር ጠመዱ በይኛ!»

«መደበቅም እኮ መጉዳት ነው፣ አባ። ሳታውቅ ብትቀርስ?»

«ማን ትቅር አለ? መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ይነገራል፤ በጊዜው፣ በሰው መሐል፣ ቁጭ ብላ ይነገራል።» ከዚያ ትንሽ ቀዝቀዝ ብለው «የሚያወራ ብረት ከሠሩ፣ ጊዜ የሚያውቅ ብረት መሥራት አቃታቸው?» አሉ።

ያን ጊዜ ክርክሩ ለእኔ የፊልም ክርክር ነበር። የሚመጣው ማክሰኞ ሌላ ፊልም አለ፤ ሌላ ብረት፣ ሌላ ሕግ። ስለ ሞት ስናወራ የምናወራው ስለሌላ ሰው ሞት ነበር።

በዓመቱ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ አባቴ መክሳት ጀመሩ። ወንድሜ ወደ ቁፓት ሆሊም፣ ከክሊኒኩም ወደ ትልቁ ሐኪም ወሰዳቸው፤ ያስተረጎመላቸውም እሱ ነው። ሲመለሱ አባቴን ቤት አስገብቶ እኔ ሱቅ ድረስ መጣ። ደንበኛ ስለነበረ ውጭ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቁጭ ብለን ነገረኝ። በሽታው ከጉበታቸው አልፎ ተሰራጭቷል፤ የሚቆረጥም የሚታከምም የለም፤ የቀራቸው ወራት ነው። የበሽታውን ስም አልጠራውም፤ እኛ ስሙን አንጠራም።

«ለእሳቸውስ ምን አልካቸው?»

«ጉበትዎ ደክሟል፣ መድኃኒት ተሰጥቶዎታል፣ ይበርታሉ አልኳቸው። ሐኪሙ ረጅም አድርጎ ተናገረ፣ እኔ አሳጠርኩት።»

ከዚያ ያለቀሰው እሱ ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰው፣ ሄርዝል ጎዳና ላይ፣ የኩባንያው ስም የተጻፈበት ሸሚዝ ለብሶ። አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት ከቦርሳዋ ውኃ አውጥታ ሰጠችው። ጠጣና «ቶዳ» ብሎ አመስግኖ ጠርሙሱን መለሰላት።

የአባቴ ታናሽ እህት ጎንደር ናት። እኛ ስንወጣ ባሏ ታሞ ስለነበር ቀረች። ባሏ ሞተ፣ ገጠሩን ትታ ከተማ ገባች፣ ወደዚህ ለመምጣት ፈቃድ ስትጠብቅ አረጀች። ጆሮዋ ስለደነቆረ ስልክ ላይ ከእሷ ጋር መነጋገር አይቻልም፤ በዓል ሲሆን ስንደውል ልጅዋ ናት የምታነሣው፤ አባቴ የሚሉትን ለእናቷ ጮኻ ትነግራለች፣ እናቷ ያለችውን ደግሞ ለአባቴ ትነግራለች። አባቴ የእህታቸውን ድምፅ ራሱን ከሰሙ ስንት ዘመን እንዳለፈ እሳቸውም አያውቁትም። ሄደው ሊያዩዋት ግን ቆርጠው ነበር። «ከሰግድ በኋላ» ይሉ ነበር። የእኛን የቤተ እስራኤሎችን በዓል ሰግድን ከቄሶቹ ጋር ኢየሩሳሌም ጾመው፣ ጸልየው፣ ከዚያ ይሄዳሉ። ጎንደርም ያን ጊዜ ዝናቡ አልፎ መሬቱ ይደርቃል። ሰግድ ኅዳር ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ገና ግንቦት ላይ ነን።

ከዚህ በኋላ እኔ ያሰብኩት ሌላ ነገር አልነበረም። አባቴ እንደሚሞቱ ካላወቁ ሰግድን ይጠብቃሉ። ሰግድን ከጠበቁ እህታቸውን አያዩም። መንገር ያለብን ሰው አውሮፕላን ላይ ለመውጣት አቅም ሳያጣ ነው። ለእኔ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ለወንድሜ ግን አልነበረም። ምሳ ሰዓቱ ላይ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄጄ በሩ ላይ ጨቀጨቅሁት።

«ቢነገራቸው እህል አይቀምሱም» አለኝ። «ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። ጎንደር ይቅርና መንገድ አያቋርጡም። አባቴን አውቃቸዋለሁ።»

«ሰው ሲጎዳ ቆመህ አትመልከት ይላል እኮ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ያንተው ፊልም።»

«ማ ኢታኽ? ምን ነካሽ? አባቴ እየሞቱ አንቺ ፊልም ታወሪኛለሽ?» ጮኸብኝ፤ ዘበኛው ዞሮ አየን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከነገርናቸው መመለሻ የለውም» አለ።

ተናድጄ ተለየሁት። መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ሳወራ ነበር። ሮቦት እኮ ሕጉ ሲጋጭበት ቢያንስ ይቆማል፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ሰው መጥቶ ይከፍተዋል። እኛ ሁለት ሕግ ሲጋጭብን እንደ ጤነኛ ሰው ሥራ እንገባለን፣ እንበላለን፣ «እንዴት አደሩ» እንላለን።

ሐሳቤን የቆረጥኩት በሌላ ማክሰኞ ነው። ያየነው ፊልም ውስጥ አንድ ሮቦት አንዲት አሮጊት ያስታምማል። በሽታዋ እንደማይድን ደሟን መርምሮ ያውቃል፤ ልጆቿ ግን እንዳይነግራት አዘውታል። አባቴ በዚያን ጊዜ ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር የሚያዩት፤ ያን በመሰለ ሙቀት።

«ብረቱ ያውቃል አይዶል?»

«ያውቃል።»

«አይነግራትም?»

«ልጆቿ ከልክለውታል። ታዛዥ መሆን አለበት፤ ሕጉ ነው።»

ብርድ ልብሱን ወደ አንገታቸው ሳቡ። «ሞኞች ናቸው» አሉ። «ብታውቅ ኖሮ ሰዎቿን ትጠራ ነበር። የምትሰናበተው አላት፣ የምትመርቀው አላት።» ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ እኔንም አላዩኝም፤ አሮጊቷን ነበር የሚያዩት። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ያንኑ ለወንድሜ ነገርኩት። ደጋግሞ «እንዲህ አሉ? ራሳቸው?» እያለ ጠየቀኝ። እሱም ተረታ። ግን እኔም እሱም በአፋችን አንነግራቸውም፤ ልጅ ለአባቱ እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም። መርዶ ማለት የሌላ ሰው ሞት ነው፤ የራስን ሞት ለራስ መንገር እንዴት እንደሆነ ከእኛ ወገን ያየም የሰማም የለም። ታዲያ ከእሳቸው ጋር ሲዞሩ የኖሩትን ሁለት ሽማግሌዎች ልናማክር ጎረቤት ከተማ ቂርያት ዔቅሮን ሄድን። ሁለቱም አባቴን እንደ ወንድም ነው የሚያዩ። መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ ከዚያ ከቄሱ ጋር ተነጋገሩ፤ ከዚያ ሦስት ሆነው ሊመጡ ተስማሙ። የሚሉትም ተወሰነ። ሕመሙ ጠንካራ ነው፣ ሰግድን አትጠብቅ፣ አሁን ሂድና እህትህን እያት ይሏቸዋል። ሌላው ይቅር፤ የቀረውን እሳቸው ይረዱታል።

«ከሰዓት በኋላ ኑ» አልኳቸው። «ማክሰኞ እኔ አለሁ፤ ሻይ እየጠጣችሁ፣ እንደዋዛ።»

ትልቁ ሽማግሌ ቅር አላቸው። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንደዋዛ አይነገርም። በማለዳ ነው፣ ሰው ሆኖ ነው፣ አስቀምጦ ነው። ይህን ያስተማረን አባትሽ ነው። የእሱን ሥርዓት በእሱ ላይ እናፍርስ?»

ትክክል ናቸው። ለአባቴ ያላቸውን ክብር ሁሉ ሰብስበው፣ እሳቸው ለሌላው ያደረጉትን ሳያጓድሉ ሊያደርጉላቸው ነው። ወንድሜም «ቤሰደር፣ ይሁን» አለ፤ እኔም ቤሰደር አልኩ።

በማለዳ እኔና ወንድሜ ቀድመን ገባን። ለምን በጠዋት መጣችሁ አሉን፤ ቁርስ አብረን ልንበላ ነው አልን። አባቴ ጸሎታቸውን ጨርሰው መስኮቱ አጠገብ ቆመው ነበር። እንጀራና እርጎ አቀረብኩ። ዞር ስል መስኮቱን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

መኪና ማቆሚያውን አቋርጠው ሦስት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ ከዘራ ይዘዋል፤ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ማለዳ ነው። እኛም ሁለታችን፣ ልጆቻቸው፣ ሳንጠራ መጥተናል። አባቴ ይህን ስንት ጊዜ ሆነው ያውቃሉ! ስንት ሰው በስንት መስኮት እሳቸውን እንዲህ ሲመጡ አይቶ ገና ሳይነገረው ዋይ ብሏል! እኔ እዚያው ቆሜ ገባኝ፤ እሳቸው ግን ከእኔ ቀድመው ገብቷቸዋል።

«እህቴን!» አሉ። «እህቴን! እህቴን!»

ሽማግሌዎቹ በር ሲያንኳኩ አባቴ መሬት ተቀምጠው ደረታቸውን ይመቱ ነበር። ወንድሜ ሊያነሣቸው ይታገላል። እኔ «አባ፣ አልሞተችም! አክስቴ ደህና ናት! ደህና ናት!» እላለሁ። ደህና ናት ባልኩ ቁጥር ለቅሶው ይብስ ነበር። ቄሱ ጎንበስ ብለው «ስለሷ አይደለም የመጣነው፤ በኦሪት እምልልሃለሁ» አሏቸው። አባቴ ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም። «ተዉ» አሏቸው። «እንዲህ በሉ ብየ ያስተማርኳችሁ እኔ አይዶለሁም? ይበቃል፣ ነገራችሁኝ። እግዜር ይስጣችሁ፤ በጊዜው ነው የመጣችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቁጭ አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሉ። ጠጋ ብዬ «የመጣችሁበትን ንገሯቸው እንጂ! ከነገራችኋቸው ስለሷ እንዳልሆነ ያምናሉ!» አልኳቸው።

«ዛሬ አይሆንም» አሉኝ። «በአንድ ቀን ሁለት አይነገርም።»

«የመጀመሪያው እኮ ውሸት ነው! ማንም አልሞተም!»

«ለእሱ ሞታለች፣ ልጄ» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። «አሁን ደግሞ አንተም ትሞታለህ እንበለው?»

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል? ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት መጣ፤ ጎረቤቱ ለሌላው ደወለ። እኩለ ቀን ሳይሆን ድንኳን ተተከለ፣ ከምኵራቡ ወንበር መጣ። በር ላይ ቆሜ ለመጣው ሁሉ «ማንም አልሞተም፣ አክስቴ በሕይወት አለች» እላለሁ፤ ሴቶቹ ጉንጬን ይስሙና «አዎ እናቴ፣ አዎ» ብለው እያለቀሱ ያልፉኛል። አባቴ ሰባቱን ቀን እንደ ሕጉ ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ በጨርቅ ተሸፈነ፤ ከዚያ በኋላም አልተገለጠም። ስልክ ሰጥተን የእህታቸውን ልጅ አነጋገርናቸው፤ «ስታሳዝን፣ አስጠንተው አስይዘዋት ነው» አሉ። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ምስል ማየት ጀምሮ ነበርና ወንድሜ በምስል ሞከረ፤ የጎንደሩ መስመር እየተቆረጠ አንዲት ሻሽ ያሰረች አሮጊት ብቅ ብላ ጠፋች። «ሰላሳ ዓመት ያላየሁትን ፊት በምን ልወቀው?» አሉት። «አሮጊት ደግሞ በየቤቱ አለ።»

ስለ በሽታቸው ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሐዘኑ ይውጣለት አሉ፤ ወንድሜ ከዚህ ወዲያ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ አለኝ። እኔም ብነግራቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ሂዱና እህትዎን ይዩ ልል ነበር፤ አሁን የሚያዩት የላቸውም። የድሮ ፎቶዎቻቸውን አብሬያቸው አየሁ፣ ልብሳቸውን አጠብኩላቸው፣ እያደር ሲያልቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እነዚያን ሕጎች የጻፉ ሰዎች ይምጡና ይህን ይፍረዱልኝ እያልኩ በልቤ እጣላ ነበር። ማን ሕግ ጣሰ? ሁሉም ሰው እሳቸውን ላለመጉዳት ነው የሮጠ፤ ሁሉም የታዘዘውን ነው ያደረገ። ሰግድ ሳይደርስ አረፉ።

ከማረፋቸው በፊት፣ ከመጨረሻዎቹ ቀኖቻቸው በአንዱ፣ ረፋድ ላይ፣ ከጎንደር ተደወለ። የአክስቴ ልጅ ናት። እናቷ «ወንድሜን ራሴ ካላነጋገርኩ አልበላም» ብላታለች። ስልኩን አባቴ ጆሮ ላይ ያዝኩላቸው። የደነቆረ ሰው እንደሚጮኸው ጮኻ ስትናገር እኔም ጥርት አድርጌ ሰማኋት።

«ወንድሜ! እኔ ነኝ! እኔው ነኝ፣ አለሁልህ! ምን ሆነህ ነው የምታለቅስልኝ?»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ፊታቸው በራ፤ እውነቴን ነው፣ በራ። አመኑ ብዬ ስልኩን ይበልጥ አስጠጋሁላቸው። ከዚያ በዚያ ለሐዘንተኛ በሚናገሩበት ለስላሳ ድምፅ መለሱላት።

«ልጄ፣ ድምፅሽ ቁርጥ እናትሽን ነው። እንዲያው እሷን የሰማሁ መሰለኝ፤ እግዜር ይስጥሽ። እኔን ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ። እናትሽ ደግ ሴት ነበረች። አሁን ግን ለእኔ ብለሽ እንባሽን አታምቂ፤ አልቅሺላት።»

እሷ አልሰማችም። «ምን አለ? ምን አለኝ?» እያለች ልጅዋን ትጠይቃለች። አባቴ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና ለእኔ ሰጡኝ።

«ብቻዋን ናት መሰል» አሉኝ። «ጎንደር ላሉት ደውሉና ሰው ይሂድላት።»

እህታቸው በእጄ ላይ ሆና ገና ስማቸውን እየጠራች ነበር።